ቤንዚን አላት፣ ግን ትቆማለች፦ የድሮ ዲኤክስ የነዳጅ ችግርና መፍትሄው

ለዚች መኪና አዲስ የቤንዚን ፖምፓ ገዝቻለሁ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጠውን) ቀይሬያለሁ። ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡራተሯን ሁለት ጊዜ አስፈትቼ አሳጥቤያለሁ። ያም ሆኖ ከቤት ወጥታ ሃያ ደቂቃ እንደሄደች ቀጥ ትላለች። ትንሽ ካረፈች ትነሳለች፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ቀጥ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ። የራሷ ክዳን ስለጠፋ የሌላ መኪና ነበር የገጠምኩላት።

ከዚያ ወዲህ እቃ ከመግዛቴ በፊት የቤንዚኑን መንገድ እከተላለሁ። መንገዱ አጭር ነው፦ ታንከር፣ ቱቦ፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ካርቡራተር። የምጽፈው በማውቃት በኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ፎር ኬ ሞተር፣ ካርቡራተርና በሞተሩ ጉልበት የሚሰራ ፖምፓ ያላት። ላዳ ያላችሁም ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ።

ስራው ደጅ ይሁን፣ ሞተሩም ይቀዝቅዝ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ከሰሉ ድረስ ይደርሳል። በአፍ ቤንዚን መሳብ የቆየ ልማዳችን ነው፣ ተዉት። ሳንባ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው።

ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

መጀመሪያ ቤንዚን መኖሩን አረጋግጡ። አትሳቁ፤ የዲኤክስ ጌጅ ሩብ ታንከር እያሳየ ባዶ ሊሆን ይችላል። መኪናዋን ከኋላ ወዝወዝ አድርጋችሁ ስሙ፣ ካለ ይንቦጫረቃል።

ቀጥሎ ካርቡራተሩን እዩ። ሞተሩ እንደጠፋ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ክፈቱና ወደ ጉሮሮው እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጃችሁ ሳብ አድርጉ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ፊጭ ካለ ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ አለ። ካላለ ወይ ቤንዚን አልደረሰም፣ ወይ ፊጭ የሚያደርገው ክፍል ራሱ ተበላሽቷል። ይህን የሚለየው ካርቡራተሩ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መስታወት ናት። የቤንዚኑ ልክ መስታወቷ መሃል አካባቢ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ለዓመታት ነድቶ መስታወቷን አያውቃትም፤ ቆሻሻ ይሸፍናታል። በጨርቅ ጥረጉና እዩ።

ቤንዚን ካለና ሞተሩ ካልተነሳ ካንዴላ ፍቱ። ርጥብ ከሆነ ነዳጁ ደርሷል፣ ስለዚህ እሳቱን መርምሩ፦ ኮይል (የእሳቱን ጉልበት የሚያሳድገው)፣ ፕላቲን (እሳቱን የሚቆራርጠው)፣ የካንዴላ ገመድ። ደረቅ ከሆነና መስታወቷም ባዶ ከሆነች ችግሩ ከካርቡራተሩ መግቢያ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው።

አሁን መንገዱን ለሁለት እንከፍለዋለን። ከቁልፉ ወደ ኮይሉ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉ፣ ብልጭታ እንዳይኖር። ወደ ካርቡራተር የሚገባውን ቱቦ ንቀሉና ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገቡ። አንድ ሰው ሞተሪኖ ይምታ። ጤነኛ ፖምፓ ቱፍ፣ ቱፍ እያለ በጉልበት ይተፋል። ሃይላንዱ ከሞላ ከፖምፓው ወደ ኋላ ሁሉም ሰላም ነው፤ የካርቡራተሩን መግቢያ ወንፊትና መርፌ እዩ።

ምንም ካልመጣ ፖምፓውን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከታንከር የሚመጣውን ቱቦ ከፖምፓው አውጡና በምትኩ ንጹህ ቤንዚን ካለበት ሃይላንድ አጭር ቱቦ ስጡት። አሁን ከሳበና ከተፋ ፖምፓው ንጹህ ነው፣ ችግሩ ከኋላ ነው። አሁንም ካልሳበ ፖምፓው ሄዷል። ይቺን የአምስት ደቂቃ ሙከራ ያኔ ባውቃት ኖሮ የፖምፓው ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

ጥቂት ሄዳ ትቆማለች፣ አርፋ ትነሳለች

የኔ በሽታ ይሄ ነበር። ቤንዚን ከታንከር ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት። አየር ካልገባ ታንከሩ ራሱ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል፣ ፖምፓውም ይሸነፋል። ቆማችሁ ስትጠብቁ አየር ቀስ እያለ ይገባል፣ መኪናዋም ምንም እንዳልነበረች ትነሳለች። መካኒክ ጋ ስትደርሱ ደህና ናት፣ እናንተ ደግሞ የምትዋሹ ትመስላላችሁ።

እንደቆመች ክዳኑን ፍቱ። ፍስስ ብሎ አየር ከገባና ወዲያው ከተነሳች አገኛችሁት። መፍትሄው መተንፈሻው የሚሰራ ትክክለኛ ክዳን ነው። ክዳን ጠፍቶ በፌስታልና በጎማ ያሰራችሁም አላችሁ፤ እሱም ያው ነው፣ ያፍናል። የታንከሩ የራሱ መተንፈሻ ቱቦም በጭቃ እንዳልተደፈነ እዩ።

ሜዳ ላይ ደህና፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች

ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ሲፈልግ የሚመጣው አይበቃም። ከፊልትሮው ጀምሩ፣ ርካሽ ነው። ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ካላችሁ ቀለሙን ተመልከቱ፤ ቡናማ ዱቄት ካለ ታንከሩ ዝጓል። ፊልትሮ ቀይራችሁ በሁለት ሳምንት ያው ከሆነ መቀየሩን አቁሙና ታንከሩን አውርዱ።

የታንከር ቆሻሻ አንድ ጠባይ አለው። ስትነዱ ተስቦ የመሳቢያውን አፍ ይደፍናል። ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ይዘቅጣል። ስለዚህ ከክዳን ችግር ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ክዳኑን ብትከፍቱም ፍስስ አይልም።

ጊዜያዊ መፍትሄው ጎሚስታ ጋ ሄዶ ቱቦውን ንፋስ ማስነፋት ነው። ቱቦውን ከፊልትሮውና ከፖምፓው ለዩ፣ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ታንከር በልኩ ይነፋ። ፖምፓው ሳይለይ ከተነፋ ውስጡ ያለችው ስስ ላስቲክ ትቀደዳለች። እኔ አይቻለሁ፤ ባለመኪናው አንድ ችግር ይዞ መጥቶ ሁለት ይዞ ሄደ።

ፊልትሮው ውስጥ የአየር አረፋ ካያችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለው መስመር የሚስብ ስለሆነ የተሰነጠቀ ጎማ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ብቻ ይስባል። የጎማ ቱቦዎቹን ጎንበስ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። እኛ አገር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነበር፤ የድሮ ጎማ ደግሞ ኢታኖል አይስማማውም። የነዳጅ ቱቦ ግዙ፣ የውሃ ቱቦ አይደለም። በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ) እሰሩት፣ በሽቦ ሳይሆን።

በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውሃም ይዞ ይመጣል። ከፊልትሮው በፊት ያለውን ትንሽ ቀድታችሁ በሃይላንድ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል።

ሙቀት ላይ ትሞታለች

ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደጀን መውጣት ስትጀምሩ የምትመጣ ናት። በረሃው ይጋገራል፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው። የኔዋ መሃል ዳገት ላይ ሁለት ሶስቴ አነጠሰችና ጠፋች። ፊልትሮው ባዶ ሆነ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት ወርዶ ፖምፓውን በሩቁ አየና «ወንድሜ፣ ምንም አልሆነችም፣ ቤንዚኑ ፈልቶባት ነው» አለኝ። ጨርቅ በውሃ ነክሮ ፖምፓው ላይ ጠመጠመ። ውሃው ጭስስ አለ። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ተነሳች።

ፖምፓው ሞተሩ ላይ የታሰረ ስለሆነ ይግላል። ቤንዚኑ ውስጡ ተንኖ እንፋሎት ይሆናል፣ ፖምፓ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ፎር ኬ ላይ ካርቡራተሩም ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በላይ ስለተቀመጠ ሙቀቱ ከሁለት በኩል ነው። ለዘለቄታው ሶስት ነገር እዩ፦ የቤንዚን ቱቦው ከማኒፎልዱ ይራቅ፣ ከካርቡራተሩ ስር ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ይኑር፣ በፖምፓውና በሞተሩ መካከል ያለችው ወፍራም ማገጃም በቦታዋ ትሁን። ይቺ ማገጃ ፖምፓ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የድሮው ፖምፓ ላይ ተጣብቃ ትጣላለች።

ቤንዚን ይሸታል፣ ጥቁር ጭስ አለ

እዚህ ችግሩ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። ቤታችሁ ሮቶ ካለ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ኳስ ታውቁታላችሁ። ካርቡራተርም እንደዚያ ተንሳፋፊ አለው፣ ሲሞላ መርፌ ገፍቶ ይዘጋል። መርፌው ስር ቆሻሻ ከገባ አይዘጋም፣ ቤንዚኑ ይፈሳል። መስታወቷ እስከ አፏ ትሞላለች። በካቻቢቴ እጀታ ካርቡራተሩን ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉት፣ አንዳንዴ ቆሻሻው ይለቃል። ካልለቀቀ ከፍታችሁ አጽዱ፣ መርፌው ከተበላ ቀይሩት።

መስታወቷ ልክ ሆና ጭሱ ከቀጠለ የአየር ፊልትሮውንና ቾኩን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት አየር የሚቀንሰውን) እዩ፤ ቾክ ሳይመለስ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ደግሞም አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከቆላው ሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ መካኒኩ ይህን አስቦ ያስተካክል።

ሚኒሞ አትይዝም

ስትረግጡ ትሰራለች፣ ስትለቁ ትጠፋለች። ካርቡራተሩ ላይ ሽቦ የገባበት ትንሽ ቫልቭ አለ፣ ቁልፍ ስትከፍቱ ጠቅ ማለት አለበት። ዝም ካለ ሽቦው ተነቅሏል ወይም ቫልቩ ተቃጥሏል። ጠቅ ካለ የሚኒሞዋ ቀዳዳ ተደፍናለች፣ በንፋስ ታጸዱታላችሁ። በሽቦ ግን አትጎርጉሯት፣ ከሰፋች አትመለስም።

ኢንጀክሽን (ካርቡራተር የሌላት) ከሆነች

ፖምፓው ኤሌክትሪክ ነው፣ ታንከሩ ውስጥ ይቀመጣል። ግፊቱም 3 ባር ገደማ ስለሆነ ቱቦ ዝም ብሎ አይፈታም። ብዙዎቹ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ቁልፍ ሲከፈት ፖምፓውን አያስነሱም፣ ሞተሪኖ ሲመታ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ድምጽ አልሰማሁም ብላችሁ አትደንግጡ። ኮፈን ስር ያለችውን የመመርመሪያ ሳጥን ክፈቱ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ ፕላስ ቢ እና ኤፍፒ የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኙ። ፖምፓው ከጮኸ ፖምፓው ደህና ነው፣ ሪሌውን (ለፖምፓው ኤሌክትሪክ የሚለቅለትን) መርምሩ። ዝም ካለ ፊውዙንና ሽቦውን አይታችሁ ወደ ፖምፓው ሂዱ። ቤንዚን ሊያልቅ ነው የሚለው መብራት በርቶ መንዳት የለመዳችሁ ደግሞ ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ መሆኑን እወቁ።

ወደ ዲኤክስ ልመለስና አንዲት ነገር፦ ፖምፓው ደከመ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የሞተር ዘይት መለኪያውን አውጡና አሽትቱት። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ስትቀደድ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ቀጥኖ፣ ልኩ ጨምሮና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ። ፖምፓውን ቀይሩ፣ ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሩ፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የሚዞረው።