የእድር ስብሰባን በይደር ማቆየት፦ እንዴት ይባላል፣ እንዴትስ ይጻፋል?

በጎጃም ገጠር የእድር ስብሰባ ብዙ ጊዜ ከቅዳሴ መልስ ይጀመራል። ጉዳዩ ሳያልቅ ፀሐይ ትበረታለች፤ ሰዉም አንድ በአንድ መነሣት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ዳኛው «በቃ፣ እንበተን» ካለ የተጀመረው ጉዳይ ሜዳ ላይ ይቀራል። የድንኳኑ ግዢ ጸድቋል? ተጥሏል? ወይስ ገና ነው? የሚቀጥለው ስብሰባ ሙግት የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን ይለዩ። ሰው ሻይ ጠጥቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ከሆነ «ዕረፍት» ነው። ስብሰባው ገና ሳይከፈት ቀኑ ከተለወጠ «ተላለፈ» ይባላል። ለቅሶ ወይም ዝናብ ድንገት ካስነሣው «ተቋረጠ» ነው፤ ይህ ግን የሆነውን ከመናገር አልፎ ስለ ቀጣዩ ምንም አይልም። ጉዳዩ ሳይሞት ለሌላ ቀን ሲቆይ «በይደር ቆየ» ይባላል። አጀንዳው ሁሉ ሲያልቅ «ተዘጋ» ነው። «ተበተነ» የሚለውን ከቃለ ጉባኤ ማራቅ ይሻላል፤ ሕዝቡ ሄደ ማለትም፣ ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ ማለትም ይሆናልና። ሕገ መንግሥቱም ሁለቱን አይቀላቅልም፦ በአንቀጽ 58 የተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሠራ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት ሊወስድ ይችላል፤ መበተን ግን ለብቻው በአንቀጽ 60 የተቀመጠ ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ የተከፈተውን ነጥብ ከሚቆረጥበት ቦታ ያድርሱት። ሰው እየተናገረ እያለ አይቁረጡ። ድምፅ መሰጠት ከተጀመረ ቆጠራው ይለቅ።

ከዚያ ጉባኤውን ይጠይቁ። «አባቶች፣ እናቶች፣ ጊዜው ሄዷል፤ ይህ ነገር ይደር ወይስ እንጨርሰው?» ማለት ይበቃል። ዳኛው ለብቻው እንዳይወስን ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማው ለአምስት ሳምንት ያህል እንዲዘጋ ንግሥቲቱን መከሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና የበላዩ ችሎት 11 ዳኞች በአንድ ድምፅ ድርጊቱን ሕገ ወጥ አሉት። እዚያ የዚህ ዓይነቱ መዘጋት ከይደር ይለያል፤ ሳይጸድቅ የቀረ ረቂቅ ሕግ እንደ ደንቡ አብሮ ይወድቃል።

ቀኑን መቁረጥ ከሁሉም ብዙ ማሰብ ይፈልጋል። በጎጃም ገበሬ በበዓል ቀን በሬ አይጠምድምና 12ን ሚካኤል፣ 21ን ማርያም ወይም 23ን ጊዮርጊስ መምረጥ ያዋጣል። ሆኖም ዓመታዊ ክብረ በዓል ከሆነ ሰው ታቦት ሊያነግሥ ስለሚሄድ ስብሰባው ባዶ ይቀራል። በዐቢይ ጾም ደግሞ በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ «ከቅዳሴ በኋላ» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ሰዓቱን ይናገሩ። የገበያ ቀንማ ከነጭራሹ አይሆንም።

ጸሐፊው ሰው ሳይነሣ በፊት እንዲህ ይጻፍ፣ ጮክ ብሎም ያንብብ፦

«በሁለተኛው አጀንዳ ላይ ውይይቱ ስላላለቀ ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ ስብሰባውን በይደር አቆይቷል። የቀረው ጉዳይ የድንኳን ግዢ ብቻ ነው። ስብሰባው ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በዚሁ ቦታ ይቀጥላል።»

«ብቻ» የሚለውን ቃል አይዝለሉት። ካልተጻፈ የቆየውን ጉዳይ ሰበብ አድርጎ አዲስ ነገር የሚያነሣ አይጠፋም።

ያልመጡትን በለፋፊ ወይም በጎረቤት ያሳውቁ። ቀኑን ያልሰማን ሰው ቀረህ ብሎ መቀጮ ማስከፈል ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ደንቡ ቢፈቅድም እንኳ።

በቀጠሮው ቀን መጀመሪያ የባለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ፣ ምልዓተ ጉባኤውም እንደገና ይቆጠር፤ ባለፈው ሞልቶ ነበር ማለት ዛሬም ሞልቷል ማለት አይደለም። ከዚያ «ከቆምንበት እንቀጥል» ብለው በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ይግቡ። አዲስ አጀንዳ ያለው ሰው ቢነሣ፣ ለሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ያስመዝግብ።