አገልጋይ መሪ ለመሆን ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ ኤቲ ኤንድ ቲ በተባለው የስልክ ኩባንያ 38 ዓመት ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የአገልጋይ መሪነትን፣ ማለትም መሪ ከሁሉ በፊት የሚመራቸውን ያገልግል የሚለውን ሐሳብ፣ በጽሑፍ አቀረበ። መለኪያ ያደረገውም ተመሪዎቹን ነው፦ ይበልጥ አዋቂ፣ ነጻና ራሳቸውን የቻሉ ሆነዋል ወይ? በየመሥሪያ ቤቱ ግን አገልጋይ መሪ ሲባል ብዙዎች የሚረዱት የማይቆጣ አለቃ ማለት አድርገው ነው፤ የሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ።

የሠራተኛን ሥራ ተቀብሎ መሥራት

በጣም የተለመደው ይኼ ነው። ወር መጨረሻ ላይ ጀማሪው የሂሳብ ሠራተኛ የባንክ ማስታረቂያው (የባንኩንና የድርጅቱን ሂሳብ ማመሳከሪያው) አልገጥም ብሎት ይመጣል። አለቃው «ተወው፣ ማታ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ልጁ አመስግኖ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። በሦስተኛው ወር ማስታረቂያው የአለቃው የዘወትር ሥራ ሆኗል።

ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ይቀመጡ፣ እስክሪብቶው ግን በእሱ እጅ ይሁን። የባንክ መግለጫውንና የድርጅቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ መጀመሪያ ተጽፈው ገና ባንክ ያልደረሱ ቼኮችን፣ ቀጥሎ ባንኩ ቆርጦት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ራሱ ይፈልግ። አንዱን ልዩነት ሲያገኝ ይነሡ። «ቀሪውን ነገ 5 ሰዓት ላይ አምጣልኝ» ማለትን ግን አይርሱ፤ ሰዓት ያልተቆረጠለት ሥራ ተመልሶ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

በይሉኝታ ዝም ማለት

«ይከፋዋል» ተብሎ የሚታለፍ ማርፈድ የሚጎዳው በሰዓቱ የሚገባውን ባልደረባ ነው። ሕጉም ዝም ላለ አሠሪ ብዙ አያግዝም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በማርፈድ ብቻ ወዲያው ለማሰናበት፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ አለበት፤ አሠሪው የማሰናበቻ ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉም የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ዓመት ሙሉ ችሎ ችሎ አንድ ቀን የሚፈነዳ አለቃ በእጁ አንዲት ወረቀት አይኖረውም።

ስለዚህ ገና በሁለተኛው ማርፈድ ለብቻው ጠርተው ቀኑንና ሰዓቱን ይንገሩት፣ ምክንያቱንም ይጠይቁ። የታክሲ ሰልፍ ከሆነና ሥራው ከፈቀደ፣ መግቢያውንም መውጫውንም በግማሽ ሰዓት መግፋት ይቻላል። ማገዝ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ካልተሻሻለ ወደ ጽሑፍ ይሂዱ።

ሰምቶ መልስ አለመስጠት

የአስተያየት ሳጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንድ ደብተር ይበቃል፦ የተነሣው ጉዳይ፣ የሚከታተለው ሰው፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን። መልሱ «ዘንድሮ በጀት የለም» ቢሆንም እንኳ በተባለው ቀን ይነገር። በስብሰባም ጀማሪዎቹ ቀድመው ይናገሩ፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ። አለቃ አስቀድሞ አቋሙን ከተናገረ ከዚያ በኋላ የሚሰማው «እንደተባለው ነው» ብቻ ነው።

በርን ቀኑን ሙሉ ክፍት ማድረግ

ያለማቋረጥ ከተገባ አይሠሩም፣ በደንብም አያዳምጡም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በ15 ቀን አንዴ 30 ደቂቃ ይመድቡ፤ የመጀመሪያው 20 ደቂቃ የእሱ ይሁን።

ለፎቶ ማገልገል

በበዓል ዋዜማ ሽርጥ አስሮ ምግብ ማሳለፍ ክፋት የለውም። የፕሪንተር ቀለም መጠየቂያው ሦስት ሳምንት ፊርማ ሲጠብቅ ከቆየ ግን መጀመሪያ እሱን ይፈርሙ።

አገልጋይነትን ሠራተኛው ላይ መጫን

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «እኛ እኮ አገልጋዮች ነን» እየተባለ ሰው ያለ ክፍያ እስከ ምሽት ይቆያል። በዚሁ አዋጅ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።) ማምሸት የግድ ከሆነ ምክንያቱንና ሰዓቱን አስቀድመው በጽሑፍ ፈርመው ይስጡ፤ ወር መጨረሻ ላይም ደመወዝ መክፈያው ላይ መግባቱን ራስዎ ያረጋግጡ።