ሞተርሆሙን ለመመለስ ሦስት ቀን ሲቀር ምን ይሠራል?

ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለው መኪና ተከራይቶ የአውስትራሊያን ገጠር ስለ መዞር የሚያወራ አይጠፋም። የት እንደሚታደር፣ ካንጋሮ የት እንደሚታይ፣ ኮከብ የት ደምቆ እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ስለ መጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ግን ትንፍሽ የሚል የለም። የመያዣው ገንዘብ የሚቆረጠውም፣ ባልና ሚስት የሚኮራረፉትም እኮ ያኔ ነው።

እኛ የምንኖረው ሜልበርን ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተከራይተናል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ነገር ለመጨረሻው ጠዋት አቆይተን ተዋረድን። በሁለተኛው እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር፣ እሷ ፊት መድገም አልፈለግኩም። ከሲድኒ ተነስተን በኮባርና በዊልካኒያ አድርገን ብሮክን ሂል ገባን። መኪናውን የምናስረክበው አዴላይድ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ከብሮክን ሂል በኋላ ያለውን ነው። የእናንተ መንገድ ሌላ ቢሆንም ሥራው ያው ነው።

ከማስረከቢያው ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከብሮክን ሂል አዴላይድ ከ500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስልካችሁ «በስድስት ሰዓት ትገባላችሁ» ይላል። አትስሙት። እሱ የሚያወራው ስለ ቤት መኪና ነው እንጂ ቤቱን ተሸክሞ ስለሚሄድ መኪና አይደለም። ሞተርሆም የጎን ንፋስ ሲመታው ይወዛወዛል። እኔ ከ90 በላይ አልነዳሁትም። ከፊት ለፊት ተጎታች ያለው ከባድ መኪና ሲመጣ ደግሞ መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። በዚያ መንገድ 36.5 ሜትር የሚደርሱ ይሄዳሉ። ሲያልፏችሁ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋችኋል፣ ከዚያ መልሶ ይስባችኋል።

ካንጋሮም አለ። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ መንገድ ዳር ይወጣል፤ መብራት ሲያይ የት እንደሚዘል እሱም አያውቅም። ብዙ የኪራይ ውል ከከተማ ውጭ ማታ መንዳትን ይከለክላል። ተላልፋችሁ ከተጋጫችሁ ኢንሹራንሱ አያውቃችሁም። የሄድነው በሐምሌ ነው። እዚያም እንደ አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው፤ ዝናቡ የለም እንጂ ብርዱስ አለ። 11 ሰዓት አለፍ ሲል ይጨልማል። ስለዚህ በ10 ሰዓት ቆማችሁ ሻይ ጥዳችሁ መገኘት አለባችሁ።

እኔ ለዚህ መንገድ ሁለት ቀን እመድባለሁ። የመጨረሻዋን ሌሊት ከማስረከቢያው በ160 ኪሎ ሜትር ውስጥ እደሩ። እኛ ያደርነው ቡራ ነው። በፈረንጆቹ 1845 መዳብ የተገኘባት ከተማ ናት። ያኔ ቤት ያጡ ማዕድን ቆፋሪዎች የወንዙን ዳር አፈር እየፈለፈሉ ይኖሩ ነበር። እናቴ ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችና «ለካ እኛ ተመችቶናል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጠባቧ አልጋዋ አላማረረችም።

የሰዓት ነገርም ያምታታል። ብሮክን ሂል ያለችው ኒው ሳውዝ ዌልስ ክልል ውስጥ ነው። ሰዓቷ ግን የሳውዝ አውስትራሊያ ነው፤ ከሲድኒ በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስልክ ራሱን ያስተካክላል። የእኛ መኪና ሰዓት ግን የሲድኒን ይዞ ቀረ። እናቴ ደግሞ የእጅ ሰዓቷን ከቦሌ ከተነሳች ጀምሮ አልነካችውም። አንድ መኪና ውስጥ በሦስት ዓይነት ሰዓት ስንከራከር ዋልን።

ፍሬውን ብሉት

ይህ አጭር ነው። ከክልል ድንበሩ አልፋችሁ፣ ዩንታ የምትባለውን መንደር ተሻግራችሁ፣ ኡድላ ዊራ የምትባል ቦታ ላይ ኬላ አለ። የሚፈልጉት ፍራፍሬና አትክልት ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ገብቶ የክልሉን የብርቱካንና የወይን እርሻ እንዳያጠፋ ነው። አንድ መንደሪን ወንበር ሥር ተረስቶ ቢገኝ ቅጣት ያመጣል፤ ሰዎቹ ቀልድ አያውቁም። እናቴ አንድ ከረጢት መንደሪን፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይዛ ነበር። «ለዝንብ ብዬ ቃሪያ ልጣል?» አለች። ብሮክን ሂል በነበርንበት የመጨረሻ ማታ ቲማቲሙና ቃሪያው ስልስ ሆነ፣ መንደሪኑን ልጆቹ ጨረሱት። ሽሮውንና በርበሬውን ማንም አልጠየቀንም።

ቡና የምትቆሉ ከሆነ ውጭ ቁሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው አልጋ ላይ ያለውን ሁሉ ቀስቅሶ ነው ዝም የሚለው፤ ሽታውም መጋረጃው ውስጥ ይቀራል።

ካሴቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ብዙ ሰው የሚሸሸው፣ እኔንም ያዋረደኝ ይህ ነው።

የሞተርሆም ሽንት ቤት ሥር ካሴት የሚሉት የፕላስቲክ ሳጥን አለ። 20 ሊትር ገደማ ይይዛል። የሚወጣው ከውጭ በኩል፣ መኪናው ጎን ላይ ካለች ትንሽ በር ነው። ይዘቱ የሚደፋው ደምፕ ፖይንት በሚባለው ቦታ ብቻ ነው። እሱም ክዳን ያለው መሬት ላይ ያለ ጉድጓድና አጠገቡ ቧንቧ ነው። ሞተርሆም የሚያድርባቸው ብዙዎቹ የካራቫን ፓርኮች አላቸው፤ በርካታ ትንንሽ ከተሞችም በነጻ ያስጠቅማሉ። ዊኪካምፕስ የሚባለው አፕ ላይ ሁሉም አሉ። ለዚህ አፕ የከፈልኳት ገንዘብ አታስቆጨኝም።

በመጀመሪያው ጉዟችን ካሴቱ መሙላቱን የምትናገረው ቀይ መብራት ከበራች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። «ነገ» እያልኩ አለፍኳት። በመጨረሻው ጠዋት ፓርኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደኔ ሲያስብ አድሮ ኖሮ ሰልፉ አይጣል ነው። ተራዬ ሲደርስ ካሴቱን ጎተትኩ፤ አልወጣም አለ። በኃይል ሳብኩት። በሽንት ቤቱና በካሴቱ መካከል ያለውን መዝጊያ ምላስ አልዘጋሁትም ነበር። ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ። ገና ምኑን አይቼ። አንስቼ ስደፋው «ጉልክ፣ ጉልክ» እያለ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይፈናጠራል። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋች። ከኋላዬ የነበሩ አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና ጣታቸውን ከእጀታው አጠገብ ወዳለች ቁልፍ ቀሰሩ። «ሜት፣ እሷን ተጫናት» አሉኝ። ስጫናት እንደ ማር ወረደ።

ነገሩ ቀላል ነው። ፈሳሹ ሲወጣ አየር ካልገባለት ይታነቃል፤ የጄሪካን ዘይት የቀዳ ሰው ያውቀዋል። ቁልፏ አየር ታስገባለች። ሆኖም ቀድማችሁ አትጫኗት። አፉን ወደ ጉድጓዱ ካዘነበላችሁ በኋላ ተጫኑና እስኪያልቅ አትልቀቁ።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ይኸውላችሁ። ከማስረከቢያው አንድ ቀን በፊት፣ በብርሃን፣ ሰው ሳይበዛ ሥሩት። ጓንት አድርጉ፤ ስስ የኩሽና ጓንት ሳይሆን እስከ ክንድ የሚደርሰውን። መጀመሪያ ውስጥ ገብታችሁ ምላሱን ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። ማያዣውን አንስታችሁ ሳቡት፤ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ተመልሳችሁ ምላሱን እዩ። በቁመቱ ተሸከሙት። ማፍሰሻ አንገቱን ወደ ውጭ አዙሩና ክዳኑን ፍቱ። ክዳኑን ኪሳችሁ ውስጥም ቢሆን ክተቱት እንጂ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አታስቀምጡት። ገብቶ ሲቀር ያየሁት ሰው አለ፤ ምትክ ክዳን እስኪያገኝ ፌስታል አስሮበት ሄደ።

ከደፋችሁ በኋላ ግማሽ ድረስ ውሃ ጨምሩ፣ ነቅንቁ፣ ድፉ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሁለቴ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምናቸውም። በረኪና አትጨምሩ፣ ውስጡ ያለውን ጎማ ይበላዋል። ሌላው፣ እዚያ ያለው ቧንቧ ለመጠጥ አይደለም። ጥማት ቢገድላችሁም ታንከራችሁን ከእሱ አትሙሉ፤ ሰው ሁሉ ካሴቱን አፍ ለአፍ አስገጥሞ የሚያጥብበት ጎማ ነው። ገና አንድ ሌሊት ከቀራችሁ ትንሽ ውሃና የሽንት ቤቱን ኬሚካል ጨምራችሁ መልሱት። የእቃና የገላ ማጠቢያውን ቆሻሻ ውሃም በዚያው በቱቦው ልቀቁት።

እጃችሁን እንድትታጠቡ አልነግራችሁም።

ቀዩ አቧራ

ደረቁን ሳታራግፉ እርጥብ ጨርቅ አታሳርፉበት። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ መጥረጊያ አርሰን ገብተንበት ነጩ መሳቢያ ሁሉ ሸክላ መሰለ። መጀመሪያ በደረቅ የቀለም ብሩሽ የበሩን ሐዲድና የመስኮቱን ጎማ ጥረጉ፣ ከዚያ መጥረጊያ፣ ውሃ በመጨረሻ። የሁለት ዶላር ብሩሽ ከኪራይ ድርጅቱ መጥረጊያ ይሻላል። የፊት መስታወቱ ላይ የደረቀው ነፍሳት ደግሞ በመፋቅ አይለቅም። ፎጣ አርሳችሁ አሥር ደቂቃ አልብሱት፣ ራሱ ይነሳል።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት

ጋዝ ዝጉ፣ የጣሪያውን መስኮት ዝጉ፣ ደረጃውን አስገቡ፣ ቁም ሳጥኑን ቆልፉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ፓርኩ ውስጥ ካለው ምሰሶ ላይ ሰክታችሁ ያደራችሁት የመብራት ገመድ ነው። ሰው የመጨረሻ ቀን ላይ ይቸኩላል። የእኔ ዘዴ የመኪናውን ቁልፍ ገመዱ የተሰካበት ምሰሶ ላይ ማንጠልጠል ነው። ቁልፉን ልወስድ ስሄድ ገመዱን አየዋለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር። ጎረቤታችን ያደረ ሰው ምሰሶውን ይዞ ሊሄድ ሲል ካየች በኋላ መሳቋን ተወች።

የመጨረሻው ጠዋት

ሥራው ካለቀ የቀረው ትንሽ ነው። ናፍጣ ከማስረከቢያው ቅርብ ካለ ማደያ ሙሉና ደረሰኙን ያዙ። ከናፍጣው ክዳን አጠገብ ሰማያዊ ክዳን ካያችሁ እሱ የአድብሉ፣ የጭስ ማጽጃው ፈሳሽ ነው፤ ናፍጣ አይገባበትም። የመጠጥ ውሃው መሙያም ሌላ ነው። ጠዋት በእንቅልፍ ልብ ውሃ ናፍጣ ታንከር ውስጥ የሚጨምር ሰው ስላለ ነው የምናገረው። ውላችሁ ጋዝ ሞልታችሁ መልሱ የሚል ከሆነ በዚያው ማደያ ሲሊንደሩን ቀይሩ።

ጣሳና ጠርሙሱን አትጣሉት። በሳውዝ አውስትራሊያ አብዛኛው በነፍስ ወከፍ 10 ሳንቲም ያስመልሳል፤ ይህን ነገር ከፈረንጆቹ 1977 ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ልጆቻችን የ12 ቀኑን ሰብስበው 14 ዶላር ከ10 ሳንቲም አገኙ። ለሁለት ሲካፈሉ ነው ጠብ የተነሳው።

ከዚያ መኪናውን ዙሩና በቪዲዮ ቅረጹት። ጣሪያውን፣ ሥሩን፣ ጎማውን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን። ጠጠር መስታወቱን መትቶት ከሆነ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ እነሱ ሲያገኙት ዋጋው የሚጨምር ይመስለኛል።

አዴላይድ የተቀበለን ልጅ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የሁለት ቀን ጥረጋዬን፣ የሚያብረቀርቀውን መስታወት አልፎ በቀጥታ ወደዚያች ትንሽ በር ሄደ። ካሴቱን ሳበ፣ ነቀነቀው፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና መለሰው።

«ጉድ» አለ።

እናቴ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ ምን ተገኘበት?»

«በእንግሊዝኛው ነው እማዬ» አልኳት።