የባሕር ወለል ከፍታን ከሳተላይት ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አልቲሜትር፣ ማለትም ሳተላይቱ ላይ ያለው የከፍታ መለኪያ ራዳር፣ የባሕርን ከፍታ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው የራዳር ምቱ ወርዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ነው። ጊዜው ወደ ርቀት ይቀየራል፤ ርቀቱ ከሳተላይቱ ከፍታ ሲቀነስ የባሕሩ ወለል ከፍታ ይወጣል። ጣጣው ያለው በመሃል በሚገቡት ማስተካከያዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የመደመርና የመቀነስ ምልክትን ማምታታት ነው። እኔን አንድ ሙሉ ቀን በልቶብኛል። አየር ምቱን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ የተለካው ርቀት ከእውነተኛው ይረዝማል። ደረቁ አየር ብቻውን 2.3 ሜትር ገደማ ያስረዝመዋል። በጄሰን (አልቲሜትር በተሸከሙት ሳተላይቶች) ፋይሎች ውስጥ ይህ ማስተካከያ −2.3 ተብሎ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ርቀቱ ላይ ይደመራል። «ትርፉን ልቀንስ» ብለው ከቀነሱት ጉድ ፈላ። ሳተላይቱ 1,336,000 ሜትር ላይ ነው፣ የተለካው ርቀት ደግሞ 1,335,982.3 ነው እንበል። በትክክል ከደመሩ ባሕሩ 20 ሜትር ላይ ይሆናል። ከቀነሱ 15.4 ይወጣል። ስህተቱ 2.3 ሳይሆን እጥፉ፣ 4.6 ሜትር ነው። ደግነቱ ይሄኛው ትልቅ ስለሆነ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ድብብቆሽ የሚጫወቱት ትንንሾቹ ናቸው። ጨረቃና ፀሐይ ውቅያኖሱን ያነሣሉ፤ የውሃው ክብደት ደግሞ ከሥሩ ያለውን መሬት ይጫነዋል። በብዙ ፋይሎች ውስጥ ሁለቱ አንድ ላይ ተደምረው ነው የሚመጡት። የጫናውን ዓምድ ለብቻው ሲያዩ «ይሄስ ቀርቶ ነበር» ብለው ካስገቡት ሁለት ጊዜ ቆጠሩት ማለት ነው። የፋይሉን መመሪያ ሳያነቡ ምንም አይንኩ።

የአየር ግፊትም አለ። ግፊቱ 1 ሄክቶፓስካል ሲጨምር ባሕሩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ከሳተላይቱ ላይ አውጥተው፣ ወደብ ላይ ካለ መለኪያ ጋር ሲያወዳድሩ ከዚያኛው ሳያወጡ ይቀራሉ። ከዚያ ልዩነቱን የሳተላይቱ ጥፋት ያደርጉታል! ወይ ከሁለቱም ያውጡ፣ ወይ በሁለቱም ይተዉ።

የባሕር ዳርቻ ሌላ ራስ ምታት ነው። የአየሩ እርጥበትም ምቱን ያዘገያል፤ ይህን እርጥበት የሚለካው ራዲዮሜትር ሰፊ ቦታ ስለሚያይ፣ ከዳርቻው በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ የየብሱ ሙቀት ይቀላቀልበታል። እዚያ በአየር ሁኔታ ሞዴል የተሰላውን እርጥበት መውሰድ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ከፍታው ከየትኛው ኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክል ለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ) እንደተለካ ይዩ። ቶፔክስ እና ደብሊውጂኤስ 84 በሚባሉት ሁለት ኤሊፕሶይዶች መካከል ያለው ልዩነት 70 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሳተላይቶች ሁሉም ቦታ ላይ በዚህ ልክ ካልተስማሙ፣ ባሕሩ ምንም አልሆነም።