ፒያሳን በእግር ለማየት

ወዳጆቼን ፒያሳን ሳስጎበኝ ሁልጊዜ የምነሳው ከጊዮርጊስ ነው፤ እናንተም በማለዳ፣ የኪዳን ጸሎት ሳያልቅ ድረሱ። ጫማችሁን አውልቁና ግቡ። ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ከወጣችሁ በኋላ ሕንጻውን በዝግታ ዙሩትና ጎኖቹን ቁጠሩ፤ ስምንት ናቸው።

ከዚያ ወደ ምኒልክ ሐውልት ተሻገሩ። የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቦታው አንስቶት ነበርና ዛሬ ቆሞ ሳየው ደስታዬ አያልቅም። ከፊት ለፊት ብቻ ፎቶግራፍ አንስታችሁ አትሂዱ። ወደ ጎን ቁሙና የፈረሱን የፊት እግሮች ተመልከቱ፤ ሁለቱም ከመሬት ተነሥተዋል።

አዲሱ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ቅርብ ነው፤ የተመረቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ቀን መድቡለት፤ በጥድፊያ የሚታይ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውረዱ። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ክፉኛ ቢጎዳም ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። የእንጨቱን ደረጃ ስትወጡ መደገፊያውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ስንት መዳፍ እንዳለሰለሰው ይሰማችኋል። ቡና እዘዙና አረፍ በሉ።

በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለዚህ በየመንገዱ ያገኛችኋቸውን አዛውንት ሰላም በሉና «እዚህ ቦታ ምን ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።