ለአዲስ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከኖርዌዩ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን የሚሻ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ዛሬ አምስቱን ዓመት እዚሁ፣ በገዛ ሕመምተኞቻችን አልጋ አጠገብ እንማራለን። አልጋው አጠገብ አለመገኘት የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ሌሊት ስልክ ይደወላል፤ «ሕመምተኛው 9 ነው።» የትኛው 9? የሕመምተኛውን የንቃት ደረጃ የሚለካው የግላስጎው መለኪያ ዓይንን ከ4፣ ንግግርን ከ5፣ እንቅስቃሴን ከ6 ይቆጥራል። ሲቆነጠጥ እጁን ልኮ የሚከላከልም፣ ክንዱን በተዛባ ሁኔታ የሚያጥፍም ሰው ድምሩ 9 ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛው አንጎል ግን እጅግ የከፋ አደጋ ላይ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ንገሩኝ። ደግሞስ ሲዳምኛ ብቻ የሚናገር ገበሬ በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ስላለ «ግራ ተጋብቷል» ተብሎ ይጻፍበታል? ልጁ ከበር ተጠርቶ ሲጠይቀው እኮ ቀኑንም ቀበሌውንም አንድ በአንድ ተናገረ! አስተርጓሚ ሳትፈልጉ የንግግር ነጥብ አትስጡ።

የሚከተለው ስህተት የራሴ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ራሱን በዱላ የተመታ ወጣት መጣ። ነቅቷል፤ ስለ በሬዎቹ ለወንድሙ አደራ ይሰጣል። ሲቲ ስካን ወረፋ ላይ ትቼው ወደ ሌላ ቀዶ ሕክምና ገባሁ። ማንኮራፋት ሲጀምር ወንድሙ «እፎይ፣ እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ጋቢውን አለበሰው። ስመለስ የግራ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን መልስ አይሰጥም ነበር። በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም ተጠራቅሟል። ከፍተን አወጣነው፤ ተረፈም። ቀኝ እጁ ግን ዛሬም ዕርፍ አይጨብጥም። በየስንት ጊዜው እንደሚታይ ማዘዝና ለወንድሙ «ቀስቅሰው፣ ካልነቃ ጥራን» ማለት የእኔ ሥራ ነበር፤ አላደረግሁትም።

ምላጭ ከማንሳታችሁ በፊት በምስሉ ላይ ያለውን ስምና ጎን ራሳችሁ አንብቡ።

ሳትበሉ ወደ ቀዶ ሕክምና አትግቡ።

ሸንትን፣ ማለትም በአንጎል ውስጥ የተጠራቀመን ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ መትከልን ደግሞ «ትንሽ ቀዶ ሕክምና» አትበሉት። ሕፃኑን የጠዋቱ የመጀመሪያ ተራ አድርጉት፣ በሩ አይከፈት አይዘጋ፣ ቱቦውን ከመንካታችሁ በፊት ጓንት ቀይሩ። ከተመረዘ ሁሉም ነገር ወጥቶ እንደገና ይጀመራል፤ ያቺ እናት ደግሞ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ የመጣች ናት። ስትወጣ ቀጠሮ ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኟት። ማስታወክ፣ የማያቋርጥ ለቅሶ፣ የእርግብግቢት መወጠር፣ የዓይን ወደ ታች ማዘቅዘቅ ቱቦው መዘጋቱን ሊያመለክቱ እንደሚችሉ ንገሯት፤ ከዚያም እሷ መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት።