ካርቶን ላይ የለጠፋችሁት ሸማ ሲጣመም፣ ሲያብጥ፣ ኮላ ሲያሳልፍ (ችግርና መፍትሄ)

ጥለት የለበሰ አልበም፣ የቀለበት ሳጥን፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ደብተር ምናምን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ለምትሰሩ ነው ይሄ። ጨርቁን አጥባችሁ ተኩሳችሁ፣ ካርቶኑን በብረት ማስመሪያና በከተር ቆርጣችሁ እንደመጣችሁ ነው የማስበው። ወፍራም ካርቶን በመቀስ የቆረጠ ሰው ካለ የሱ ችግር እዛው ነው፣ መጀመሪያ እሱን ያስተካክል።

እኔ ጋ ተበላሽቶ የሚመጣው ስራ መልኩ ይለያያል እንጂ ጥፋተኛው ሁሌ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ውሃ። ስለዚህ እሱን ዘርዘር አርጌ እጽፈዋለሁ፣ ሌላውን ባጭር ባጭሩ።

ምልክት፦ ማታ ቀጥ ብሎ የነበረው ካርቶን ጠዋት እንደ ቆርቆሮ ተቆልምሞ ይገኛል። ወይ ጨርቁ መሃሉ ላይ አየር ይዞ ያብጣል። ወይ ነጩ ሸማ ላይ ላብ የመሰለ ግራጫ ነጠብጣብ ይወጣል።

ሶስቱም ያንድ እናት ልጆች ናቸው። ነጩ የእንጨት ኮላ ምንም ሳይጨመርበት ራሱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። ያ ውሃ ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ካርቶኑ ያብጥና በዛ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ኮላውም ጨርቁም ስብስብ ይላሉ፣ ሲሰበሰቡ ካርቶኑን ወደራሳቸው ይስቡታል፣ ከጀርባው መልሶ የሚስብ ነገር ስለሌለ ይቆለመማል። ሸማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል ምክንያቱም የእጅ ፈትል ማግ ላላ ብሎ ነው የሚሸመነው፣ ኮላው በቀዳዳው ሽቅብ ይወጣና ፊቱ ላይ ይደርቃል። የፋብሪካ ወፍራም ጨርቅ ላይ የለመደ ሰው ሸማ ላይ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

አንዴ አንዲት የሙሽራ እናት 60 መጥሪያ ሰርተው ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይዘውልኝ መጡ፣ ሁለት ፌስታል ሙሉ። አንዱን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ጀልባ ወዲያ ወዲህ ይላል። «እትዬ ኮላው ላይ ውሃ ጨምረውበታል እንዴ?» ስላቸው «ትንሽ ናት ልጄ፣ እንዲበረክት ብዬ» አሉኝ። ትንሿ ስትጣራ ግማሽ በግማሽ ሆና ተገኘች። ኮላ እኮ ወጥ አይደለም፣ እንግዳ መጣ ተብሎ ውሃ አይጨመርበትም!! ከ60ው 40 ምናምኑን አትርፈናል፣ የቀረውን ሸማውን እንኳን ልጬ ላድነው አልቻልኩም።

እሳቸው እንኳን በራሳቸው እጅ ነው ያበላሹት። የሚያናድደኝ ሻጩ ራሱ አቅጥኖት ሲመጣ ነው። ከባልዲ እየተቀዳ በባዶ ሃይላንድ የሚሸጥ ኮላ አለ፣ ርካሽ ነው፣ እኔም በጀማሪነቴ ሶስት ሃይላንድ ገዝቼ አንድ ሙሉ የአልበም ትዕዛዝ ገደል ከትቻለሁ። ሰውየው ጋ ስመለስ «አንቺ ነሽ የማትችይበት» አለኝ። ከዛ ወዲህ ሳልፈትን አልገዛም። አንድ ጠብታ መስታወት ወይ ብርጭቆ ላይ አርጉና አቁሙት፣ እንደ ወተት ሮጦ ከወረደ መልሱለት፣ እንደ ማር ቀስ እያለ ከወረደ ውሰዱ። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

*መፍትሄው*፦ ጨርቁ እርጥብ ኮላ ጨርሶ አይንካው። እንዴት ይሆናል ካላችሁ፣ በካውያ ነው።

ኮላውን ምንም ሳትጨምሩ ካርቶኑ ላይ ቀቡ (ጨርቁ ላይ አይደለም፣ ካርቶኑ ላይ)። ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ እየገፋችሁ ስስ አርጉት፣ ብሩሽ መስመር ይተዋል ያ መስመር በኋላ በሸማው ላይ ይታያል። ነጭነቱ ጠፍቶ መስታወት እስኪመስል ይድረቅ፣ ሁለተኛ ዙር ድገሙት፣ እሱም ይድረቅ። ከዛ ገልብጣችሁ ጀርባውንም እንደዛው ቀቡ፣ ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው ግን ካርቶኑ በሁለቱም ጎን እኩል ካልተሳበ መቆልመሙ አይቀርም። ደርቋል ወይ የሚለውን በአይን አትመኑ፣ ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፣ ቀዝቀዝ ካላችሁ ውስጡ ገና ውሃ አለ። በበጋ ሁለት ሶስት ሰአት ይበቃዋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አሳድሩት፣ ከሰል አጠገብ ላድርቀው ብላችሁ አትሞክሩ እሱ ራሱ ያጣምመዋል።

ሲደርቅ ሸማውን ዘርጉበትና የጥለቱን መስመር ከካርቶኑ ጠርዝ ጋር አስተካክሉ። እዚህ ጋ ጊዜ አላችሁ፣ አስር ጊዜ ብታነሱ ብታስቀምጡት ችግር የለውም፣ እርጥብ ኮላ ላይ ግን አንዴ ካረፈ አረፈ ነው። ከላዩ ንጹህ አቡጀዲ አልብሱት። ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አርጋችሁ፣ እንፋሎቱን ዘግታችሁ፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ። ልብስ እንደምትተኩሱ አትግፉት ጥለቱ ይወላገዳል፣ ጫን፣ አስር ቁጠሩ፣ አንሱ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ጫን። እንደጨረሳችሁ ትኩሱን መዝገበ ቃላት የሚያህል ነገር ጫኑበትና እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። የደረቀ ኮላ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይይዛል፣ ሚስጥሩ ይሄው ነው። ዳር ዳሩን ወደ ውስጥ ስታጥፉም ያው በካውያ።

*ተጠንቀቁ*፦ የሚያብረቀርቅ ወርቅማ ወይ ብርማ ክር ያለበት ጥለት እሳት አይችልም፣ የአሁን ዘመን ጥለት ደግሞ ብዙው እንደዛ ነው። የጓደኛዬን እናት ነጠላ ቁራጭ ላይ ካውያውን አለ አቡጀዲ አሳርፌ ወርቁ ክር እንደ ጸጉር ተኮማተረብኝ፣ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ሴትየዋ ምንም አላሉኝም፣ ዝም ማለታቸው ነው የባሰው። ቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ እናታችሁ ነጠላ ላይ ካውያ አታሳርፉ። ካውያው ዝቅ ያለ ሙቀት ላይ፣ አቡጀዲው ድርብ። ካውያው በቀጥታ ኮላ ከነካ ደግሞ ካውያችሁንም ትቀየማላችሁ።

አሁኑኑ የተቆለመመ ካለኝስ? በእጃችሁ ወደ ተቃራኒው አትቀልብሱት፣ ካርቶኑ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል፣ ስብራቱም ከላይ እንደ ጠባሳ ይቀራል። ጀርባው ላይ ወፈር ያለ ወረቀት ሙሉ ለሙሉ ኮላ ቀብታችሁ ለጥፉበት፣ ሲደርቅ መልሶ ወደራሱ ይስበዋል። ከላይ ከታች ጋዜጣ አርጋችሁ በሁለት ጣውላ መሃል ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ጋዜጣውን ጠዋት ማታ ቀይሩ፣ ሁለት ቀን ስጡት። አንዳንዴ ትንሽ መጣመም ይቀርበታል፣ ልክ እንደነበረ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም።

ያበጠ ጨርቅ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ አርጎ በካውያ ጫን ሲሉት ይተኛል። ካልተኛ ከስሩ ኮላ አልነካውም ማለት ነው፣ ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዙና በመርፌው ከጨርቁ ክር መሃል አሾልካችሁ አንዲት ጠብታ ስጡት። ኮላ አሳልፎ የደረቀ ነጠብጣብ ግን አይለቅም በቃ። አሴቶን የሞከሩ አሉ፣ አስፍቶት ነው የሚተወው። ጥብጣብ ለጥፉበትና ዲዛይን ነው በሉ።

ምልክት፦ ሁሉንም በትክክል ሰርቼ አሁንም ተቆለመመ

ካርቶን እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። በሁለቱም በኩል ለቀቅ አርጋችሁ ጎንበስ አርጉት፣ በአንዱ በኩል እሺ ይላል በሌላው ይታገላል። እሺ ብሎ ሲታጠፍ የእጥፋቱ መስመር የሚሄድበት አቅጣጫ ነው የካርቶኑ አቅጣጫ፣ እርጥበት ሲያገኝ የሚሰፋው ግን ለሱ አግድሞሽ ነው። አልበምና ደብተር ላይ አቅጣጫው ከጀርባው አጥንት (በፊትና በኋላ ሽፋኑ መሃል ካለው ጠባብ ጀርባ) ጋር ትይዩ ይቁም፣ ከውስጥ የምትለጥፉት ወረቀትም እንደዛው። የፊቱን ሽፋን በቁም የኋላውን በአግድም የቆረጠች ልጅ አውቃለሁ፣ ካርቶን እንዳይተርፍ ብላ። አልበሙ የአክስቷ ልጅ ይዛው አሜሪካ ሄደች፣ ክረምት ላይ ማሞቂያ የበራበት ቤት አየሩ ደረቅ ነው፣ በአንድ ወሩ ፎቶ ላከችላት፣ አንዱ ሽፋን ወደ ላይ አንዱ ወደ ጎን ተከፍቶ የሚያዛጋ ሰው ይመስላል።

ምልክት፦ ካርቶኑ በሸማው ያሳልፋል

ነጠላ ስስ ነው። የፓስታ ካርቶን ላይ የለጠፈ ሰው ሰርቶ ሳየው ጥለቱ ስር «500 ግራም» የሚል ይነበብ ነበር። መጀመሪያ ካርቶኑን ነጭ ወረቀት አልብሱት። ወይ ነጠላው ሁለት ድርብ አይደል፣ አትለያዩት፣ ከነድርቡ ለጥፉት። ደግሞ የፓስታ ካርቶን ተዉ፣ ውስጡ የተሸነሸነውን የእቃ ካርቶንም ተዉ (ሽንሽኑ ከላይ ይቆጠራል)፣ መዝገብ የሚጠረዝበትን ድፍን ግራጫ ካርቶን ግዙ፣ 2 ሚሊ በቂ ነው።

ምልክት፦ ጠርዙ ይተረተራል

ከመቁረጣችሁ በፊት የምትቆርጡበት መስመር ላይ በጣት ጫፍ ስስ ኮላ አስኪዱ፣ ሲደርቅ በመሃሉ ቁረጡ። ከሲሪንጁ ጠብታ ሌላ ይሄ ብቻ ነው ጨርቁ እርጥብ ኮላ እንዲነካው የምፈቅደው፣ ምክንያቱም ታጥፎ ስለሚደበቅ።

ምልክት፦ ማዕዘኑ ላይ ጉብ አለ፣ ወይ ካርቶኑ ብቅ አለ

ጨርቁን ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ ስትቆርጡ ከካርቶኑ ጫፍ የካርቶኑን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ተዉለት፣ ለ2 ሚሊ ካርቶን 3 ሚሊ። ከዛ ካነሰ ጫፉ ይራቆታል፣ ከበዛ ይጎብጣል። ሸማ ስለሚተረተር እኔ 4 እተዋለሁ።

ምልክት፦ ደብተሩ አይከፈትም፣ ሽፋኑ ይታገላል

በሽፋኑና በጀርባው አጥንት መሃል የተዋችሁት ክፍተት ጠቧል። 2 ሚሊ ካርቶን ላይ 7 ሚሊ አካባቢ ይፈልጋል። ከተለጠፈ በኋላ መላ የለውም፣ ልጣችሁ ድገሙት።

ሌሎች

ሱፐር ግሉ ሸማ ላይ እንዳታደርጉ!! ጥጥ ሲነካ ይግላል፣ ሊያጨስ ሁላ ይችላል፣ ጣት ያቃጥላል። ቀልድ አይደለም፣ ልጆች አጠገባችሁ እያሉማ በፍጹም።

የሚቀልጥ ሙጫ በሽጉጥ፦ ከጨርቅ ስር ጉብ ጉብ ይላል፣ ጸሃይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ይለቃል። ለአበባና ለጥብጣብ ብቻ።

ደብል ቴፕ፦ ከዳር ይለቃል። ለነገ የሚጣል ነገር ካልሆነ አትድከሙ።

የዱቄት ሙጫ፦ በረሮ ይበላዋል። አየሁ።

ውስጥ የለጠፋችሁት የታተመ ጽሁፍ ቀለሙ ከፈሰሰ ፕሪንተሩ የፈሳሽ ቀለም ነበር፣ በሌዘር አስወጡት ወይ ፎቶ ኮፒ አርጉት።

ሳጥኑ ሽታ ካመጣና ውስጡ አረንጓዴ ነጥብ ከታየ፣ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ታሽጎ ነበር ማለት ነው። ጸሃይ ላይ ክፍት አርጉት፣ ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ ውጭ ሆናችሁ አራግፉ፣ የሸማው ነጭ ላይ የቀረው እድፍ ግን ይቀራል። ደንበኛ ቸኩሎ ቆሞ ቢጠብቃችሁም ክዳኑን ሳትዘጉ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡት።